ሀዋታ የሄዱት

በሰባ ሰባት፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች ካምፓችን ሰው መሞት ትቶ ነበር። ጉድ እኮ ነው! መቃብሩ በየቀኑ ይሰፋል፣ ሞተ የሚባል ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቄስ አንዳርጌ መጀመሪያ ላይ በስብከታቸው እንደ ወጉ «ሞተ» ይሉ ነበር። የቀለብ ካርድ የሚመዘግበው ጀማሉ ከሚሰብኩበት ዳስ ኋላ ቆሞ ይሰማና ሟቹን ከካርድ ይሰርዛል። ቀለቡ ሲያንስብን ቄሱ ቃሉን ለወጡት፤ «አረፈ» አሉ። ጀማሉ እስላም ቢሆንም የጎንደር ልጅ ነው፣ ይኼ አይጠፋውም፤ ሰረዘ። «ወደ አባቱ ቤት ሄደ» ሲሉ ደግሞ አገሩ ገባ ብሎ ሰረዘ። በመጨረሻ «ሀዋታ ለአጨዳ ሄደ» አሉ። ሀዋታ የሱዳኖች የእርሻ አገር ነው፤ ለሥራ የሄደ አይሰረዝም!

ከዚያ ወዲያ ስብከቱን ሀዋታ ወረሰው። አልዓዛር ሀዋታ፣ አብርሃም ሀዋታ። በፋሲካ ዕለትማ «ጌታችን ሀዋታ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ» ብለው ቁጭ! ጎረቤቴ ባፈና ጠጋ ብላ «በሚያዝያ ምን አጨዳ አለ?» ብትለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ባሌ ረዳ ሲሞት ሳቁ ቀረ። ለእርሱም ሀዋታ ተባለለት። እንባዬን ውጬ ቀለቡን ተቀበልኩ፤ በስሙ የሚሰፈረው ማሽላ የልጃችን የሣህሊቱ ነፍስ ነበር። ልጅቱ ግን ስብከቱን አመነች። አጥንቷ እየታየ፣ «አባዬ ርቦት ነው የሚመጣው» ብላ ቂጣዋን አልበላም አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች!

እሑድ ቄሱ ያንኑ ሀዋታ ሲጀምሩ ደሜ ፈላ። «ኧረ ይበቃዎታል፣ አባ!» ብዬ ተነሣሁ። የልጄን ፊት በሁለት እጄ ይዤ፣ «አባትሽ ሞቷል። አይመጣም። ብዪ!» አልኳት።

ሣህሊቱ ጮኸች። ባፈና «የኔም ልጅ ሞቷል!» ስትል ዳሱ ባንዴ እሪ አለ። ስንት ወር የታመቀ ለቅሶ ነው! ቄሱ ራሳቸው «እናቴን! እናቴን!» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ።

ጀማሉ እስክሪብቶውን እንደያዘ ግራ ገባው። «ያ ጀማዓ! ሁላችሁ ባንዴ አይሆንም፣ ሰልፍ ያዙ!»

የለመደብን ነገር አይለቀን፣ ተሰለፍን። እያለቀስን፣ «ተራዬን አትንኪ» እየተባባልን፣ ሙታችንን ልናሰርዝ ቆምን። አንደኛ እኔ ነበርኩ።

«ስም?» አለኝ ጀማሉ።

«ረዳ!» አልኩት፣ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ። ሣህሊቱ ቀሚሴን ይዛ ትንሰቀሰቃለች፤ እየተንሰቀሰቀችም ቂጣዋን ታኝካለች።