በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋ

የሒሳብ መምህርቷን የተማሪ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ቦርድ የመረጧት በአንድ ድምፅ ነበር። ተማሪዎቿ «ደወሏ» ይሏታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም፤ ያረፈደውንም ከኋላ ግድግዳ ሥር ታቆማለች እንጂ ምክንያት አትሰማም። የተመረጠች ዕለት ልብስ ሰፊው ባሏ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ፣ «ሹመት ያዳብር። እንግዲህ እኔንም በሰዓት ልታስገቢኝ ነዋ» ብሎ አሳቃት።

ወደ መጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ ሐሳቧን አዘጋጅታ ነው የገባችው፦ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋ፣ ያረፈደ ወደ ቤቱ ይመለስ። የቦርዱ ሰብሳቢ የሆኑት ፋርማሲስት ወደዱት። ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው ተባለ።

እሷም የአርፋጆቹን ቁጥር ይዛ ለመቅረብ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመች። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አሥራ አንድ ልጆች እያለከለኩ ደረሱ። አንዷ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቿ መካከል ረጅሟ ልጅ ነበረች፤ የዓመቱን እኩሌታ ቆማ የተማረች።

«ምን ሆነሽ ነው የምታረፍጂው?» አለቻት። ስትጠይቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ወንድሜን ኬጂ አድርሼ ነው፣ ቲቸር።»

«ቀደም ብለሽ አታደርሺውም?»

«እነሱም የሚከፍቱት ሁለት ሰዓት ነው። እማዬ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ትገባለች።»

ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቀች። የስምንቱ መልስ ያው ነበር። መዋዕለ ሕፃናቱን የሚያስተዳድረውም ይኸው ቦርድ ነው። ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

ሐሙስ ዕለት ሐሳቧን ሳበች፤ በምትኩ መዋዕለ ሕፃናቱ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይከፈት አለች።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህርት፣ ወላጅ እኮ የመረጠዎት ጥብቅ ናት ብሎ ነው።»

«ልክ ነው። እኔም ልጆቹ ሰነፎች መስለውኝ ነበር። ለካስ ሁለቱን በር በተመሳሳይ ሰዓት የከፈትንባቸው እኛ ነን።»

«ማን ማልዶ ይከፍተዋል ታዲያ?»

«ሰው እስኪገኝ እኔ።»

ሐሳቡ በአራት ለሦስት ድምፅ አለፈ።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ረጅሟን ልጅ በሁሉም ፊት፣ «ያለ ጥፋትሽ አቁሜሻለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ምንም አይደል ቲቸር፤ ከኋላም ሰሌዳው ይታያል።»

ልጆቹ ሳቁ፤ መምህርቷም ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች።

«ደወሏም ለዘበች» ብለው ያሟት ወላጆች አልጠፉም። እሷ ግን ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መዋዕለ ሕፃናቱን እየከፈተች ትንንሾቹን ተቀበለች። ከሁለት ወር በኋላ ቦርዱ ሰው ሲቀጥር ቁልፉን አስረከበች፤ ሕፃናቱን ስለለመደቻቸው ግን አንዳንድ ጠዋት ጎራ ማለቷን አልተወችም።