የታፔላ ጻፊው የመጨረሻ ልምምድ

«ኧረ አንድ አፍታ ቁጭ በይ! በቁምሽ አለቅሽ እኮ» አለቻት ጎረቤቷ፣ የብርጭቆ ትሪውን ከእጇ እየተቀበለች።

ነርሷ ቁጭ አለች። ታላቅ ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልቡ በድንገት ቆመና ሄደ፤ ደህና ሁኑ እንኳ አላለም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እሷ «አሜን፣ አሜን» ስትል አፏ ደርቋል፤ እንባዋም ደክሞት የቀረ ይመስላል።

ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«በዚያ ዕድሜው ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ነበር አሉ የሚውለው።»

«ምን ያድርግ፣ ሥራ ፈቶ።»

ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እሷም ያንኑ ብላው ነበርና።

ወንድሟ ሠላሳ ዓመት ታፔላ ጻፊ ነበር። የሰፈሩን ፋርማሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ፣ ሁሉንም የጻፈው እሱ ነው። የማተሚያ ማሽን ሲመጣ ብሩሾቹ ደርቀው ቀሩ። አንድ ቀን የእሷን አሮጌ ላፕቶፕ ለምኖ ወሰደና የስልክ መተግበሪያ ገጽ የሚነደፍበትን ሶፍትዌር መማር ጀመረ። ለጀማሪ የሚሰጡትን ልምምዶች አንድም ሳይዘል ሠራ፤ የማንቂያ ሰዓቱን፣ የአየር ሁኔታውን፣ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫውን።

«እስቲ ይቺን ቁልፍ እያት፤ ጎልታ ትታያለች?» ይላታል ከሥራ ስትገባ።

«ጋሼ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመትህ የልጆች ጨዋታ! ተወኝ እባክህ።»

ተዋት። ከዚያ ወዲያ አሳይቷት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሶፍትዌሩን ታስተምረው የነበረችው መጣች፤ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ናት።

«ጋሼ ከክፍሉ ሁሉ ቀድመው ነበር የሚያስረክቡት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመጨረሻው ልምምድ ‹ከቤታችሁ ሰዎች ለአንዱ የሚጠቅም ገጽ ንደፉ› የሚል ነበር። እሱን ግን ‹እህቴ ሳታየው አላስረክብም› ብለው አቆዩት። አሳይተውዎት ነበር?»

«አላየሁለትም» አለች ነርሷ።

እንግዶቹ ሲሳሱ ላፕቶፑን ከፈተች። «የእማዬ ስልክ» የሚል ፋይል አገኘች። ገጹ ባዶ ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያክል ቢጫ ቁልፍ ተቀምጧል፣ በዚያ በወፍራም የታፔላ ፊደሉ ተጽፎበት።

ይዛው እናቷ ወደተኙበት ክፍል ገባች። የእናቷ ዓይን ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና፣

«ልጅሽ… ጋ… ደውዪ» ብለው አነበቡ፤ ማንም ሳይረዳቸው።

ከዚያ ቁልፉን በጣታቸው ተጫኑት።

«አይጠራም እንዴ?»

«ሥዕል ነው እማዬ። ልምምድ ነው።»

«ይሁን» አሉ እናት። ጣታቸውን ግን አላነሱም።

ነርሷ አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ሊጨልም ሲል ኪቦርዱን ነካ አደረገችው፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና ነካ አደረገችው።