ፎርትራንን የበላች ሹክሹክታ

አንዳርጋቸው ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋው ስለ ፎርትራን ሲያወራ የሰማው ሁሉ ስለ እጮኛው የሚያወራ ይመስለው ነበር። ጣና በፀሐይ ስንቱን ውኃ እንደሚያጣ የሚያሰላ ፕሮግራም የጻፈው በፎርትራን ነው፤ የስንት ዓመት ልፋቱ ያለው በአንዲት ዲስኬት ላይ ነው። የኮሌጅ ባልደረባው ፀሐይወርቅ ደግሞ ከሌላው የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ ከፓስካል ወዲያ ላሳር ባይ ናት።

«ያንተ ፎርትራን ወደዚህ ዝለል፣ ወደዚያ ዝለል ብቻ! ፌንጣ ነው እንዴ?» ትለዋለች።

«ያንቺው ደግሞ ሁሉን አስቀድመሽ ካላስመዘገብሽ ንቅንቅ አይልም። ቀበሌ ነው እንዴ?»

እንዲህ ሲናቆሩ ከበላይ መመሪያ ወረደ፦ ባለችው አንድ ኮምፒዩተር የሚሠራው በአንድ ቋንቋ ብቻ ይሁን፤ የተሸነፈው ይደምሰስና ዲስኬቶቹ ለዕቅድ ሥራ ይዋሉ። ዲስኬት ብርቅ የነበረበት ዘመን ነው! ፈራጁ ካድሬው ጓድ መርስዔ ኀዘን ናቸው። አባታቸው የደሴት ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ይህ ሲነሳባቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል።

አንዳርጋቸው ሆዬ ተንኮል አማረው። ፍርዱ ከሚሰጥበት ስብሰባ በፊት ሐይቁ ዳር ጠብቆ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ጓድ፣ ነገር ላብዛ ብዬ አይደለም። ፓስካል ማለት በፈረንጅ አፍ የፋሲካ ማለት ነው።»

«የፋሲካ?»

«እንዴታ! ስሙ ራሱ ሃይማኖት ነው።»

ጓድ መርስዔ ግራ ቀኙን አዩ። «ደግ አደረግህ። ለማንም እንዳትናገር» አሉት። አንዳርጋቸው በደስታ ጮቤ ረገጠ። ፀሐይወርቅን ሲያያት ትንሽ አዘነላት፤ ትንሽ ብቻ።

በስብሰባው ላይ ጓድ መርስዔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁለቱንም መረመርሁ። ለሰፊው ሕዝብ የሚበጀው ፓስካል ሆኖ አገኘሁት። ፎርትራን ይደምሰስ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳርጋቸው ክው አለ።

ሰው ሲበተን ጓድ መርስዔ እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት። «አባቴ ካረፉ ወዲህ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥርልኝ አጣሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የግብዣ ቀን አስቀድሜ የምቆርጥ እኔ ነኝ። አምና በስቅለት ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጬ፣ ሆዴን አመመኝ እያልሁ ተረፍሁ። እስኪ ይኸ ፓስካልህ የመጪዎቹን ዓመታት ፆምና ፋሲካ ያውጣልኝ።»

«ጓድ፣ እሱ እኮ ስሙ ነው እንጂ...»

«ስሙ ብቻ ነው? ዋሸኸኝ ማለት ነው?»

አንዳርጋቸው ፈጥኖ አስተባበለ። «ኧረ በጭራሽ! ያወጣል... ፕሮግራም ይጻፍበት እንጂ።»

«እንግዲያ አንተው ጻፈው። ምስጢሩን የምታውቅ አንተ ነህ።»

ኮምፒዩተሩ ክፍል ሲደርስ ፀሐይወርቅ የፎርትራኑን ዲስኬቶች እየደመሰሰች ነበር። የጣና ስሌቱ ዓይኑ እያየ ጠፋ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስኪ ፓስካል አስተምሪኝ።»

«ምን ነካህ ዛሬ? ለምንህ?»

«ለፋሲካ።»

ዞር ብላ አየችው፤ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እንግዲያማ እንኳን አደረሰህ!» አለችው።