ከድልድዩ በላይ የሚበረው ሰው

«አንብበው» አለ መርማሪው፣ መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ ወደ መምህር ሙሉአለም ገፋ እያደረገ።

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ ከማድረጉ በፊት እንደገና ጠረገው። በመተማ እንግሊዝኛ ያነባል የሚባለው እሱ ስለነበር ከክፍል አስጠርተው ነው ያመጡት፤ የጠመኔው ዱቄት ገና ከጣቱ አልለቀቀም።

የሻረግ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ፣ በአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ አዱኛ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ነው፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል። ትናንት አብዮት ጠባቂዎቹ ለኮንትሮባንድ ፍተሻ ብለው ቤታቸው ገቡ። የሚፈልጉት ከማዶ የመጣ ስኳርና ጨርቅ ነበር። ከአልጋው ስር ግን ይህን መጽሐፍ አገኙ። በየገጹ የግንብና የመሣሪያ ስዕል፣ በስዕሉ ላይ ቀስትና ቁጥር፣ ከግርጌው የፈረንጅ ጽሑፍ። አንደኛው ጠባቂ ገለጥ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካርታ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስኳር የጠየቀ አልነበረም።

መጽሐፉ የፊልም መጽሐፍ ነው። አዱኛ የድንበሩ ቁጥጥር እንዲህ ሳይጠብቅ ለቀን ሥራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሄዶ ሳለ፣ ሜዳ ላይ በተወጠረ ነጭ ጨርቅ ላይ ፊልም ሲታይ የሚበር ሰው አይቶ ነበር። ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ የነሳው የሰውየው መብረር ሳይሆን እንዴት አድርገው እንዳበረሩት ነው። ይህን ሲሰማ የኖረው ነጋዴው ጀይሉ አንድ ቀን ከካርቱም ሲመለስ መጽሐፉን ይዞለት መጣ። «አንድ ኸዋጃ፣ ፈረንጅ፣ ጥሎት የሄደው ነው። ፊልሙን ሳያነሱ በፊት እንዲህ አድርገው ይስሉታል አሉ» አለው። አዱኛ የቀበሌው መፈክር ጻፊ ነው። ቀይ ቀለም ከጎንደር ካልመጣ ሥራ የለውም። ቀለም የጠፋበትን ክረምት በሙሉ ከዚያ መጽሐፍ ላይ ቀና ሳይል ከረመ።

«ምን ይላል?» አለ መርማሪው።

«የጀግናው መደበቂያ» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። «ከፏፏቴው በስተጀርባ የምስጢር በር።»

መርማሪው ጻፈ። «ቀጥል።»

«ሁለተኛው ፍንዳታ። ግንቡ ወደ ግራ ይወድቃል። ካሜራው ከላይ ሆኖ ያያል።»

«ካሜራም አላቸው ለካ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ይርዳው።

«ጓድ፣ ይሄ እኮ ፊልም ነው። ማለቴ፣ ፊልሙን ከማንሳታቸው በፊት ሠዓሊዎቹ...»

«አንብብ ነው የተባልከው» አለ መርማሪው። «ተርጉምልን እንጂ አስተምረን አልተባልክም።»

መምህሩ ገጹን ገለጠ። «ሽቦው እንዳይታይ ጥቁር ቀለም ይቀባ።»

«የምን ሽቦ?»

«ሰውየው የሚንጠለጠልበት ነው፣ ጓድ።»

«የፈንጂ ሽቦ አለመሆኑን በምን አወቅህ?»

መምህሩ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለ። የሻረግ አየችው። ያነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልጨመረም። ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቶ በመርማሪው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሌላ ነገር ሆኖ ነው።

«አንተስ?» መርማሪው ወደ አዱኛ ዞረ። «ሰው ሲበር አይተሃል?»

«ገዳሪፍ አይቻለሁ።»

ይርዳው ከት ብሎ ሳቀ። «ገዳሪፍ ሰው ይበራል? እኛ እዚህ መኪና አጥተን በእግራችን እንሄዳለን።»

«ጨርቅ ላይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። በሽቦ አንጠልጥለው ነው።»

«ይኸው፣ ሽቦውን እሱም ያውቀዋል» አለ መርማሪው፤ እሱ አልሳቀም።

እስከዚያ ድረስ የሻረግ ነገሩ ይጠራል ብላ ነበር። መርማሪው ከመጽሐፉ መሐል የታጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ ሲዘረጋ ግን ያ ተስፋዋ ጠፋ። እነዚህ የአዱኛ የራሱ ናቸው። መጽሐፉን እያየ፣ የአሮጌ መፈክር ጀርባ ላይ በከሰል የሳላቸው ናቸው። «ከእኛም አገር ፊልም ይወጣል» ይላት ነበር። በትልቁ ወረቀት ላይ የድንበሩ ድልድይ አለ። ከድልድዩ በላይ ኩታ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው እጁን ዘርግቶ ይበራል። ጀርባው ላይ ጓዛቸውን የያዙ የቀን ሠራተኞች ተንጠልጥለዋል። ከታች ኬላ ጠባቂዎቹ አንጋጠው ያያሉ። በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ ያው ሰው ለብቻው አለ፤ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው ጀግና ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ።

«ይህን ድልድይ ታውቀዋለህ?» አለ መርማሪው ሊቀመንበሩን።

«እንዴታ! የተጣመመው ብረት ሳይቀር አለ። የእኛው ነው።»

«ሰው እያሻገረ ነው። አሻጋሪውን በየጎሬው ስንፈልገው ይሄ መልኩን ስሎ አስቀምጦታል።» ወደ አዱኛ ጎንበስ አለ። «ማን ነው?»

«ማንም አይደለም። ከራሴ አውጥቼ ነው።»

«ከራስህ? ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ከራሱ የሚስል ሰው ጠባሳ ምን ያደርግለታል?»

የሻረግ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ስሙን ስጠንና ቤትህ ግባ። እምቢ ካልክ ኤንትሬው መኪና ጭነቱን ሲጨርስ ጎንደር ትሄዳለህ።»

ደጅ ላይ ሰሊጥ የሚጭነው መኪና ቆሟል፤ የጫኞቹ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ከተማ እንዲህ ጎንደር ከተላኩት መካከል እስካሁን የተመለሰ የለም። የአንደኛው ጋቢ ብቻ ተመልሷል።

አዱኛ መሬት መሬቱን ያያል። የሻረግ ገባት። ዓይኑ እሷ ላይ ካረፈ የሌሎቹም ዓይን ይከተለዋል።

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«እሷ ምንም አታውቅም» አለ አዱኛ ቶሎ ብሎ። «መጋዘን ሰሊጥ ስታበጥር ነው የምትውል።»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

«አላውቀውም» አለች የሻረግ። የገዛ ድምፅዋ ከሩቅ መጣባት።

«እንግዲያው ሂጂ፣ ስንቅ ቋጥሪለት።»

ወጣች። ፀሐዩ ግንባሯን መታት። መምህሩም ተሰናብቶ ኖሮ ከኋላዋ ደረሰባትና መኪናውን የሚያይ መስሎ ቆመ።

«እህቴ የሻረግ፣ ኮኪት ዘመድ አለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ ሂጂ» አለ። «እነሱ የሚፈልጉት ወንድ ነው። ለዚህ ነው ያላዩሽ።»

«እርስዎ አውቀውኛል?»

«ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ፊት ማየት ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሯቸው?»

«ምን ብዬ?» አለ መምህሩ። «አንብብ ብለውኝ ያነበብኩትን ምን እንዳደረጉት አላየሽም?» መነጽሩን አውልቆ ያዘው፤ ሳይጠርገው መልሶ አደረገው። ወደ ትምህርት ቤቱ በፍጥነት ሄደ።

የሻረግ ብቻዋን ቆመች። ጫኞቹ የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች እየደረደሩ ነው፤ ሾፌሩ ገመዱን ይስባል። ብትነግራቸው ምናልባት ስቀው ይለቁት ይሆናል። ምናልባትም በአንድ ሰው ፈንታ ሁለት ይጭናሉ። የትኛው እንደሚሆን የምትጠይቀው ሰው የለም። ጓዳ ያለውን ዱቄት አሰበች፤ ስንቁን ለማዘጋጀት ይበቃል። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ተመለሰች።

«ጓድ፣ እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ምንድን ነሽ?»

ነጠላዋን ከግንባሯ ገፈፈች፤ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ታየ። «ስዕሉ። የሚበር ሰው ከየት ያምጣ? እኔን ሳጥን ላይ አቁሞ ነው። እጅሽን ዘርጊ አለኝ፤ ዘረጋሁ። ዙሪ አለኝ፤ ዞርኩ።»

ይርዳው እየሳቀ ጉልበቱን መታ። «ይቺ? አሻጋሪው ይቺ ሆና ነው?»

«ማንንም አላሻገርኩም። የቆምኩት ቤቴ ውስጥ ነው።»

«የሻረግ» አለ አዱኛ።

መርማሪው ወረቀቶቹን ሰበሰበና ተነሣ። «ውጪ፣ ብርሃን ላይ። እንደ ስዕሉ ሁነሽ ቁሚ።»

ደጅ ወጥታ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አሰረች፤ እጆቿንም ዘረጋች። ጫኞቹ ሥራቸውን ትተው ተመለከቷት። «እች ደሞ ምን ሆና ነው?» አለ አንደኛው፣ ከጎጃም የመጣ። «ልብስ ማስጫ ገመዱ ተበጥሶባት ይሆናል» አለው ጓደኛው። ተሳሳቁ። አዱኛን በጠባቂ አስይዘው አወጡት። አንዴ ብቻ አያት፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

መርማሪው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ከፊቷ ጋር አስተያየ። በጎን አዞራት። በጀርባ አዞራት። መልሶ ከፊት አያት።

«ይመስላል» አለ ይርዳው፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል። «ግን እንዴት ይሆናል?»

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ጓድ፣ ተጭኗል እኮ። አንድ ሰው ነው ሁለት?»

«ቆይ» አለ መርማሪው፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም።

ክንዶቿ መዛል ጀመሩ። ላቡ ከቅንድቧ ወደ ዓይኗ ወረደ። አውርጂ ያላት የለም። መርማሪው እስኪወስን ድረስ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ እሷም ያላት ይህችው ጊዜ ብቻ ናት። ግራ እጇ ዝቅ እያለ እንደሆነ ተሰማት። ቀስ ብላ አነሣችውና ከቀኙ ጋር አስተካከለችው።