በድንጋዩ ውስጥ የሚያንኳኳው

መነጽር ሠሪዋ የመስታወት ገንዳውን የገዛችው ለራሷ ሳይሆን ለአማቷ ብላ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በወደብ ክሬን ላይ ተቀምጠው ከመርከብ ዕቃ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው፣ የእሷ ባል፣ መርከበኛ ሆኖ የተሳፈረባት የጭነት መርከብ ሰጥማ ከቀረች ወዲህ ግን መስኮቱ ዳር ካለው ወንበር መነሣት አቆሙ። አስከሬን አልተገኘም። አስከሬን ስላልተገኘም ወግ ያለው ለቅሶ አልተቀመጡም፤ አንዱ ሌላውን እንዳያስለቅስ እየተጠነቀቀ፣ ስሙን ሳያነሡ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ዝም ተባብለው ይኖሩ ነበር።

ዓሣ ቢያዩ ይፍታታሉ ብላ ነው ወደ ሱቁ የወሰደቻቸው። ያሰበችው የቧንቧ ውሃ የሚበቃቸውን ተራ ቀያይ ዓሦች ነበር። ሽማግሌው ግን የባሕር ውሃ ካለበት ገንዳ ፊት ቆመው አልነቃነቅ አሉ። ይሄኛው ይሁን አሉ። ወጪውና ጣጣው አሳሰባት፤ ቢሆንም ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ፈልገዋልና እምቢ ለማለት አንጀቷ አልቻለም።

የሱቁ ባለቤት እጅጌው ደርቆ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «እርጥቡ» ነው የሚለው። የጨው አለካኩን፣ ማሞቂያውንና ፓምፑን አሳያትና ከባሕር ወለል የመጡ ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። ድንጋዮቹ ሕይወት አላቸው አላት፤ በየቀዳዳው የተሸሸገው ትንንሽ ፍጥረት ውሃውን ያጠራል። አንዳንዴ ግን ያልተጠራ እንግዳም ተደብቆ ይመጣልና ዓይንሽን አትንቀዪ ብሎ አስጠነቀቃት።

እንግዳው አልዘገየም። ውሃው ረግቶ ዓሦቹ ከገቡ በኋላ በድንጋዮቹ ላይ እንደ ጭስ የሳሱ ቡናማ አበባ መሳይ ነገሮች በቀሉ። አበባ አይደሉም፤ የነኩትን የሚለበልቡ እንስሳት ናቸው። ብትጨፈልቂያቸው ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ይወለዳል አላት እርጥቡ፣ መርፌና መድኃኒት እየሰጠ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የመነጽር ብሎን ስታጠብቅ ለምትውል ሴት ይህ ቀላል ሥራ ነበር። አንድ በአንድ ወጋቻቸው። ሽማግሌውም ከወንበራቸው ሆነው ያቺ ቀረችሽ፣ ይቺ አመለጠችሽ ይሏት ጀመር። ቤቱ ነፍስ የዘራ መሰላት።

ማንኳኳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝናብ ሲጥል የዋለበት ከሰዓት ነበር። ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ሳለ በሩ ተንኳኳ፤ ሁለት ጊዜ፣ ቆየት ብሎ አንድ። የያዘችው ቢላ ባለበት ቆመ። ባሏ ቁልፍ ይዞ የማይወጣ ሰው ነበር፤ ሲመጣ በጣቱ አንጓ የሚያንኳኳው እንደዚያ ነው። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሄዳ ከፈተች። ደረጃው ላይ ማንም የለም።

«ሰማሽ?» አሉ አማቷ።

«ምኑን አባባ?»

ሽማግሌው ፊቷን ትንሽ ቃኙና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሷም ነገሩን ዋጥ አድርጋ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

በማግስቱም ተንኳኳ። ድምፁ ከበሩ ሳይሆን ከገንዳው እንደሚመጣ ተረዳች፤ ያም ሆኖ አልሰማሁም በሚለው ጸናች። በዚያው ሰሞን ከዓሦቹ መካከል ቢጫዋ ደብዛዋ ጠፋ። መስታወቱን እንዲያጸዱ ያስገቧቸው ቀንድ አውጣዎችም ዛጎላቸው ተፈረካክሶ አሸዋው ላይ ተገኙ። አማቷ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አንሥተው ገንዳው ፊት አደረጉት።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው አገኘቻቸው። በጥፍራቸው መስታወቱን ነካ ነካ አደረጉ። ከድንጋዩ ውስጥ መልስ መጣ።

«እዚያ ይበርዳል እንዴ?» ሲሉ ሰማቻቸው፣ እንቅልፍ የጀመረው ሕፃን እንደሚያናግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው አእምሯቸውን እየሳቱ ነው ብላ ፈራች። ከዚያ የባሰው ደግሞ መልሱን ለመስማት እሷም ጆሮዋን አቅንታ መቆሟ ነበር።

በነጋታው ወደ እርጥቡ ሄደች። ስለ ሰው ምንም አላነሣችም፤ ገንዳዬ ያንኳኳል ብቻ አለችው። መጀመሪያ ሳቀ። ስለ ቀንድ አውጣዎቹ ስትነግረው ግን ሳቁን አቁሞ መዶሻ ክንድ የሚሉት ፍጥረት እንደሆነ ነገራት። ሽሪምፕ የሚመስል፣ ጉድጓድ ውስጥ አድፍጦ የሚኖር፣ ክንዱን ወንጭፎ ዛጎል የሚሰብር አውሬ ነው፤ ሲያድግ መስታወትም ይሰነጥቃል። ድንጋዩን ከውሃ አውጥተሽ ባልዲ ላይ ያዢና ጋዝ ያለው ውሃ በቀዳዳው አፍስሺበት፣ ሮጦ ይወጣል አላት።

ከሱቁ ስትወጣ ትልቅ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት። መንገዱን ሳታጋምስ ግን ሆዷ ባባ። እንስሳ ነው ማለት ነው። እንስሳ ብቻ ነው።

እቤት ገብታ አማቷ አጠገብ ተቀመጠችና እርጥቡ ያላትን ሁሉ ቀስ አድርጋ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ባሕር ዳር ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ። «የሚያንኳኳው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያውም አላጣሁትም። አንቺ አልሰማሁም ስትዪኝ ነው የደነገጥኩት። ለብቻዬ የምሰማ መሰለኝ።»

«ሰምቼዋለሁ አባባ። በሩንም የከፈትኩት ለዚያ ነው» አለች። ከዚያ መጠየቁን ፈርታ ፈርታ ጠየቀች፦ «እንስሳ መሆኑን ካወቁ ታዲያ ለምን ያዋሩታል?»

«ከዚያ ነዋ የመጣው» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ የመጣ ሌላ ማን አለን?»

እሑድ ጠዋት አብረው አወጡት። እሳቸው ባልዲውን በጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ያዙ፤ እሷ ድንጋዩን ከፍ አድርጋ ውሃውን በቀዳዳው አንቆረቆረች። ትንሽ ተንሰከሰከ፣ ከዚያ አንድ አረንጓዴና ቀይ ነገር ተፈናጥሮ ባልዲው ውስጥ ጧ አለ። ከጣቷ አይረዝምም። በቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተተከሉ ሁለት ዓይኖቹን አንዱን ወደ ሽማግሌው፣ አንዱን ወደ እሷ አዞረ። በቀን ስንት ሰው ዓይን ስትመረምር የምትውል ሴት ናት፤ እንዲህ አድርጎ ያያት ግን አልነበረም። ባልዲውን በፎጣ ሸፈነችው።

ሽማግሌው ወደ ባሕሩ ቢመለስስ ብለው ነበር። የመጣው ከሌላ ባሕር ነው፣ እዚህ ቢለቁት እሱን የማያውቁ ፍጥረታትን ይፈጃል ብሎ እርጥቡ አስቀድሞ ስለከለከላት፣ ሱቁ ውስጥ ላስቲክ ገንዳ አዘጋጅቶ ሊቀበላቸው ተስማማ። ባልዲውን አልሰጥም ብለው በአውቶቡስ ታቅፈው የሄዱት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሲመለሱ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቃቸው። ፓምፑ ብቻ ይንሾካሾካል። ሽማግሌው ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና የልጃቸውን ስም ጠሩ። እሷም ጠራችው። እስከ ምሽት አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ዓሣ አልጠፋም፤ ዛጎልም አልተሰበረም። ማንኳኳቱ ግን አልቀረም። እርጥቡ ሁለተኛ ይኖር ይሆናል ብሎ ራሱ መጣና ድንጋዮቹን በሙሉ ባልዲው ላይ እያገላበጠ አፈሰሰባቸው። ከአንዲት ትልና ከጥቂት ደቃቅ ሸርጣኖች በቀር የወጣ የለም። እጅጌውን እየጨመቀ ቧንቧችሁን አስፈትሹ ብሏቸው ሄደ። ቧንቧ የሚሠራ ሰውም መጥቶ ምንም አላገኘም። አማትና ምራት ተያዩ፤ ሌላ ሰው አልጠሩም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ለቅሶ እንቀመጥ አሉ፤ አስከሬን ባይኖርም። ዘመድና ጎረቤት ተነገረ። ቤቱ ሞላ፣ ከየቤቱ ወንበር መጣ፣ በሌሎች መርከቦች አብረውት የሠሩ የባሏ ጓደኞች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከሩቅ የመጣችው የሽማግሌው እህት ስለ ገንዳውም ስለ ምኑም የሰማችው ነገር የለም። ወሬው ጋብ ብሎ ሰው ሁሉ አንገቱን በደፋበት ሰዓት ሴትዮዋ ቀና አለች።

«በሩ ተንኳኳ፣ ሰው መጣ» አለችና ማንም ሳይጠይቃት ተነሥታ በሩን ከፈተች። ወደ ደረጃው አንገቷን አስግጋ አየች፤ ግራ ገብቷት ልትዘጋው ስትል ወንድሟ እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው፣ ክፍት ይሁን» አሏት።

ሴትዮዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከደረጃው የሚገባው ብርድ የሰዉን እግር እየነካ አለፈ። ለቀስተኛው እየተሰናበተ እስኪወጣ ድረስ በሩን ለመዝጋት ከተቀመጠበት የተነሣ ሰው አልነበረም።