ከአጥሩ ሥር የተከመረው

…ጠርጋ ብትጠብቅስ ምን ነውር አለው፣ ግቢ የሚያጸዳ ሰው ቀጠረች ተብሎ ግቢዋ ቆሽሾ መገኘት አለበት እንዴ፣ የሺሀረግ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ጉልበቷ እየጠዘጠዛት፣ ደጁን ጠርጋ ውሃ ረጭታ፣ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ሸሽጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላለች፣ ሰው መጥቶ ዝርክርክ እንዳይላት። ዝርክርክ። የሺሀረግን። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ እዚህ መሬት ላይ እንጀራ ቢወድቅ አንስቼ እበላለሁ ብለው የለም፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንዲህ የተባለለት ሌላ ግቢ ካለ ይጥሩላት። ጉልበት ነው የከዳት እንጂ ክብር አልከዳትም፣ ሰው የቀጠረችው ለጉልበቷ ነው።

በሩ ይንኳኳል፣ ፈሂማ ናት፣ በየቤቱ እየዞረች ቆሻሻ የምታነሳው፣ የአህያ ጋሪዋን ደጅ አቁማ ገባ ትላለች፣ ግቢውን ዞር ዞር ብላ ታያለች፣ እትዬ የሺሀረግ፣ ወላሂ ምኑን ላንሳው ብለው ነው የጠሩኝ። የሺሀረግን ደስ ይላታል፣ ደስታዋን ግን ዋጥ ታደርገዋለች፣ ይቺማ ምን አላት፣ ሥራው ጓሮ ነው፣ ነይ።

ጓሮ፣ ከማድቤቱ ኋላ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር። ያ ክምር። የኔ እንዳይመስልሽ፣ ትላለች ሳትጠየቅ፣ የጎረቤት ነው። ፈሂማ በአጥሩ ላይ አሻግራ የዙሌይካን ቤት ታያለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ አካፋዋን ታነሳለች። ምንድን ነው ዝምታው፣ አላመነችም፣ ባታምንስ፣ ገረባው አይታያትም እንዴ፣ የጫት ገረባ ፌስታል ሙሉ ታጭቆ፣ በየሺሀረግ ቤት ጫት ተቅሞ አያውቅም፣ ዙሌይካ ቤት ግን ዱዓ አለ፣ ጫት አለ፣ ጫት ካለ ገረባ አለ፣ ታዲያ ማን ጣለው፣ ጅብ?

ከዙሌይካ ጋር የተጣላች ቀንም ይህንኑ ነው ያለችው፣ ዝንቡ ማድቤት ሲገባባት፣ ንዴቷ አናቷ ላይ ወጥቶ፣ በአጥሩ በኩል፣ መንገደኛ እየሰማ፣ ቆሻሻሽን ከግቢዬ አንሺልኝ፣ ዙሌይካ ልብስ እያሰጣች ነበር፣ ዞር አለች፣ የኔ አይደለም የሺ፣ ቆፍረሽ እዪው። በቃ። ማንን ነው ቆፍሪ የምትለው፣ የሺሀረግ ደግሞ የሰው ጉድፍ ልትቆፍር? አልቆፈረችም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም፣ ዒዱም መጣ ሄደ፣ ፋሲካም መጣ ሄደ፣ አንድ ሳህን በአጥሩ ላይ አላለፈም።

እና እሑድ ኑኃሚን ትዳራለች። አንዲት ልጇ። ሙሽራው የውጫሌ ልጅ ነው፣ የአምባሰል ዘመድ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ግማሹ በማርያም ሲል ግማሹ በነቢ ይላል፣ ትልቁ ዳስ ከፊት፣ የእስላሙ ዳስ ጓሮ፣ ልክ ክምሩ ያለበት ላይ፣ ሌላ ቦታ የለም። ቦታው ይጸዳል፣ ለሱ ፈሂማ አለች፣ በጉን ግን ማን ይረድ። እዚህ ቤት በተደገሰ ቁጥር የእስላሙን በግ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው የዙሌይካ ባል አብደላ ነው፣ ወጡን የምትሠራው ዙሌይካ ናት፣ ድስቱ እንኳ ለብቻው ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ ጓዳ ተሰቅሎ ይኖራል፣ የእነ ዙሌይካ ድስት ይባላል። ኑኃሚን ራሷ በዙሌይካ ጀርባ ታዝላ ነው ያደገችው። ከገበያ ሰው ይፈለጋላ፣ ምን ችግር አለው፣ አራጅ ጠፍቶ ነው? ችግሩማ አለ፣ የውጫሌ ሽማግሌዎች ዓይናቸው ስል ነው፣ ጎረቤቶቻችሁስ ይላሉ፣ ጎረቤት ከሌላት ሴት ልጅ ወሰድን ይላሉ፣ ይበሉ፣ የሺሀረግ አንገቷን አትደፋም፣ አባቷም አንገቱን ሳይደፋ ነው የተቀበረው። የተቀበረ ሰው ደግሞ ምን አንገት አለው።

እትዬ። ፈሂማ ናት። ምን አለ። እስቲ መጥተው ይዩት።

አላይም፣ ምኑን ነው የማየው፣ እያለች ትሄዳለች። ገረባው ተነስቷል፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ወረቀት፣ የምስማር ጉራጅ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ ግንበኞቹ፣ የማድቤቱን ግድግዳ የሠሩላት ግንበኞች፣ እየቃሙ አልነበር እንዴ ሲሠሩ የዋሉት፣ ራሷ አይደለች ሻይ እያፈላች ያመጣችላቸው፣ ቆይ፣ ቆይ፣ ከሲሚንቶው ሥር ደግሞ ጥቁር ነገር አለ፣ የረጋ፣ የሚጎመዝዝ ሽታ ያለው፣ ፈሂማ በአካፋዋ ጫፍ ገለጥ ታደርገዋለች። አተላ። የጠላ አተላ። የጌሾ እንጨት፣ የጋን አፍ ስባሪ። ከዙሌይካ ቤት ጌሾ? ዙሌይካ እንኳን ልትጠምቅ ገበያ ስትወጣ ጌሾ ሻጭ አጠገብ አትቆምም።

የማኅበሩ ዕለት። ቤቱ ሞልቶ፣ ቄሱ ጠላዋን እያመሰገኑ፣ እሷ በኩራት አብጣ፣ ሴቶቹ ጋኑን አጠቡና አተላውን የት እንድፋው አሏት፣ ዞር ብላ እንኳ አላየችም፣ እጇን ብቻ አወዛወዘች። ወዲያ ድፉት። ይኸው ወዲያ። ወዲያ ማለት እዚህ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለማን ነው፣ ለአንቺ ነው የሺሀረግ፣ ለአንቺ ለጠራጊዋ፣ ለአንቺ ለንጽሕቷ፣ ገረባ አይተሽ ሰው ፈረጅሽ።

ታፍራለች፣ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ፈሂማ አትስቅም፣ ቀና ብላም አታያትም፣ በማዳበሪያ እየሞላች ጋሪው ላይ ትጭናለች፣ የቀረውንም እንዲሁ ከላይ ትከምረዋለች፣ ሲያልቅ ሸራዋን ትዘረጋለች። ልሸፍንልዎ እትዬ፣ ጋሪው ማለፊያው በነዙሌይካ በር ነው።

ይሸፈን። አዎ፣ ይሸፈን እንጂ፣ ከሸራ ሥር ጌሾ ይሁን ገረባ ማን ያውቃል፣ ፈሂማ እንደሆነች የስንቱን ቤት ጉድ ጭና ለማንም ያልተነፈሰች ሴት ናት፣ ዳሱ ይተከላል፣ አራጅ ከገበያ ይመጣል፣ ሠርጉ ያልፋል። ያልፋል። ያኛዋ ግን በአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች ዝም እንዳለች ትኖራለች፣ እውነቱ በእጇ ሆኖ ዝም፣ ያቺም ኮ ኩራት አላት፣ ከዚህኛው የሚበልጥ ኩራት።

አትሸፍኚው፣ ትላለች የሺሀረግ። ጌሾውን ከላይ አድርጊው።

እትዬ…

ከላይ አልኩሽ።

ጓዳ ትገባለች፣ ድስቱን ከተሰቀለበት ታወርደዋለች፣ ነጠላዋን እንደገና ታጣፋለች፣ ከጋሪው ጎን ጎን ትሄዳለች፣ ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፣ አንገቷ ቀጥ እንዳለ ነው፣ አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ያያታል፣ ይይ፣ ይህ የማነው ቢላት የኔ ነው ትለዋለች፣ ያ ሁሉ የኔ ነው። አህያዋ አትቸኩልም። ምነው ብትቸኩል።

ዙሌይካ በሯ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ቀና ትላለች። ጋሪውን ታያለች፣ ጌሾውን ታያለች፣ ድስቱን ታያለች። ፈሂማ ሳትባል አህያዋን ታቆማለች። የሺሀረግ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፣ ጥሩ ቃል፣ ሽማግሌ የሚናገረው ዓይነት፣ ጠፋባት።

ቆፈርኩት ዙሌይካ፣ ትላለች። ቆፈርኩት።

ዙሌይካ ሰፌዱን ታስቀምጣለች፣ ተነስታ ድስቱን ከእጇ ትቀበላታለች፣ ውስጡን በጣቷ ትዳስሰዋለች፣ አቧራ ጠጥቷል፣ ትላለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ አብደላ እኮ ቢላውን ስሎ ካስቀመጠ ሰነበተ የሺ፣ አንቺ ነሽ የዘገየሽው።

ሰነበተ። ሳትጠራቸው። ሳትለምናቸው። ሰው እየሰማ ሰድባቸው፣ እነሱ ቢላ ስለው ጠበቋት፣ የሺሀረግ እንባዋ ይመጣል፣ ይምጣ፣ ደረቷ ግን ይነፋል፣ የተገነባ ማድቤት አይደለም ያኮራት፣ የተጠረገ ግቢም አይደለም፣ ይምጡ የውጫሌ ሽማግሌዎች፣ ዓይናቸውን ስለው ይምጡ፣ ዳሱ ውስጥ ይቀመጡና ጎረቤቶቻችሁስ ብለው ይጠይቋት፣ እስቲ ይጠይቋት፣