ሐረር፣ ሲን ኤል ፊል፣ አራተኛ ፎቅ

ሲቲና ሐረርን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የቃሉ ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ ማዶ፤ ከዚያ በስተምሥራቅ ያየችው ነገር ቢኖር ጀንበር ስትወጣ ብቻ ነው። ያስቀጠራት የሠራተኛ ቢሮ፣ መክተቡ፣ ግን ለማዳም ኮሌት «ሐረሬ ናት፣ ግንቡ ውስጥ የተወለደች» ብሎ ምሎ አስረከባት። የማዳም አባት ጂዶ ነጂብ፣ አባታቸው ሐረር ጨርቅ ሲነግዱ እዚያው የተወለዱ፣ ዛሬ ከወገባቸው በታች የማይታዘዝላቸው ሽማግሌ፣ «ከሐረር ካልመጣች ከእጇ ውኃ አልጠጣም» ብለው አስቸግረው ነበርና። ሲቲናም ዝም አለች። ዝም ማለት ውሸት ከሆነ፣ ሲን ኤል ፊል በሚሉት በዚህ የዓረብ አገር ሰፈር ውስጥ እውነት የሚናገር ሠራተኛ የለም።

እሁድ የጂዶ ልደት ሆነ። ማዳም ምን ላምጣልህ ብትላቸው «ሐረርን» አሉ። «ልጅቱ ታስጎብኘኝ። ቀኑን ሙሉ፣ ለብቻዬ፣ ሌላ ቱሪስት ሳይገባብኝ።»

ማዳም ትልልቅ የወርቅ ጉትቻዎቿን እያወዛወዘች ወደ ሲቲና ዞረች። «ያላ፣ ባባን ሐረር ውሰጂው። ኬክ ይዤ ስመለስ እጠይቀዋለሁ። ሐረሬ ካልሆንሽ ኸላስ፣ ነገ መክተብ!» በሩን ከውጭ ቆልፋ ሄደች።

መክተብ ማለት መስኮት የሌለው የጓሮ ክፍል ነው፤ ሌላ ማዳም መጥታ እንደ በሬ ጥርስሽን እስክታይ የምትቀመጪበት። ሲቲና የወጣችው ከዚያ ነው፤ መመለስ አልፈለገችም። ፈራች ማለት ግን አይደለም። ፍርሃትም ሌላውም ከተዋት ቆይቷል። የእናቷን መርዶ በስልክ ስትሰማ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ሸሚዙን ጨርሳ፣ አጥፋ፣ ሌላ አነሳች። ከዚያ ወዲህ የጋለ ድስት በባዶ እጇ ታወርዳለች።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ለምትኖረው ጓደኛዋ ለሰሊማ ደወለች።

«ሐረርን ታውቂያታለሽ?»

«በጫቷ ነዋ!» ሰሊማ ተንከተከተች። «አምስት በር አላት አሉ፤ ጅብ በእጅ ያበላሉ። ቀሪውን ራስሽ ሙዪው። ምነው፣ የወሎ ልጅ ሆነሽ ወሬ ይጠፋሻል? አብሽሪ!»

ደግነቱ ኮሪደሩም አምስት በር አለው። ሲቲና ዊልቸሩን እየገፋች ሳሎኑ ደጃፍ አቆመችው።

«ይሄ የመጀመሪያው በር ነው፣ ጂዶ። ግንቡ የተቦካው በግመል ወተት ነው። ክረምት ዝናብ ሲመታው ይናጣል፤ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ቅቤውን በማንኪያ ይፍቁታል።» ድምጿ እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ዓይነት ነበር።

ጂዶ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቀጥይ።»

«ይሄኛው» አለች መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስትደርስ፣ «ጠባቡ በር ነው። አንድ ወፍራም ሙሽራ ተቀርቅሮበት ሦስት ዓመት ቆየ። ሚዜዎቹ ከውጭ፣ ሙሽሪት ከውስጥ እያበሉት ልጅም ወለደ።»

«በየት በኩል?»

«ከተማው ይህን አይናገርም፣ ጂዶ።»

ከጂዶ መኝታ ቤት አልፈው የማዳም መኝታ ቤት ሲደርሱ ወሬ አለቀባት። ያኔ የማዳም ጉትቻ ዓይኗ ላይ መጣ። «ይሄ የጅቦቹ በር ነው። አለቃቸው ወርቅ ጉትቻ ያደርጋል። የከተማው ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ የገባ የወጣውን የሚቆጣጠር እሱ ነው። ሥጋ ሲያጎርሱት ‹ሜርሲ› ይላል።»

የጂዶ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «አሁን ቤታችን ውሰጂኝ» አሉ።

የቀረው በር የኩሽናው ነበር። ይዛቸው ገባች።

«ይሄ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ይበሉ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ እናቴ፣ ያኒ እናትዎ፣ የምታወራው በምልክት ነው። ጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ አንድ ቅርንጫፉ በመስኮት ገብቷል። ቁረጪው ሲሏት ‹የመጣ እንግዳ አይባረርም› ትላለች። ነጠላዋን እሱ ላይ ነው የምታንጠለጥለው።» እጇ ፍሪጁ ላይ ነበር። «ነጠላው አሁንም እዚያው አለ ይላሉ። ማንም አላነሳውም።»

ያመማት ነገር የለም። የራሷን ድምፅ ከጎረቤት እንደሚመጣ አድርጋ ሰማችው።

ጂዶ ዓይናቸውን ገለጡ። «የኛ ቤት ኮክ አልነበረውም» አሉ። «መደቡ ቀይ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ስፌት።»

ሲቲና እጇን ከፍሪጁ አነሳች። በቃ፣ መክተብ። ከጓሮው ክፍል የቱ ፍራሽ ይሻል እንደነበር ታስብ ጀመር። ወዲያው የበሩ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ፤ ማዳም ኬኳን ታቅፋ ገባች።

«እህ፣ ባባ? ሐረሬ ናት?»

ሽማግሌው ሲቲናን ትክ ብለው አዩዋት።

«ከኔ ትበልጣለች» አሉ። «እኔ የማላውቀውን በር አሳየችኝ።»

«ሀምዱሊላህ!» ብላ ማዳም ኬኩን ይዛ ወደ ሳሎን አለፈች።

«ውሸታም» አሉ ጂዶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሚመጣው እሁድ ኮኩ ያለበት ከተማ ትወስጂኛለሽ። እሱስ ስንት በር አለው?»

«ገጠር ነው፣ ጂዶ። ግንብም በርም የለው።»

«ግንብ ከሌለው እንዳትገቢ ማን ከለከለሽ?»

ሲቲና ወደ ሳሎን ተመለከተች። ማዳም ቁልፎቿን ጣቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ጎንበስ ብላ ሻማ ትሰካለች፤ ጉትቻዎቿ ያብረቀርቃሉ።

«ጅቡ» አለች።

«የቱ ጅብ?»

«ጉትቻ ያለው።»

ጂዶ ዓይኗን ተከትለው አዩ፤ ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ አንድ እግራቸው ከመርገጫው ወርዶ እስኪንጠለጠል ሳቁ። እግሩ መውደቁን አላወቁም።

«ሲቲና!» ማዳም ከሳሎን ተጣራች። «ምን ሆኖ ነው የሚስቀው? ሳህን አምጪ፣ ሜርሲ!»

ይሄኔ ሽማግሌው ከሳቅ ብዛት እንባቸው መጣ። ሲቲና አልሳቀችም። ተንበርክካ የወደቀውን እግር በሁለት እጇ አነሳች፣ ቦታው መለሰችው፤ ከዚያም ሳህን ልታመጣ ተነሣች።